አባቴ የሚያውቀውን ያጠኑ ምሁር

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

 

የመጽሔታችን አዘጋጆች «በዓለም አቀፍ ደረጃ ትልቅ ኃላፊነት ላይ ስለደረሰች አንዲት አፍሪካዊት ጻፊልን» ሲሉኝ፣ የኢኮኖሚክስ ተማሪ እንደመሆኔ ሁለት ስሞች ቶሎ መጡልኝ። አንደኛዋ ናይጄሪያዊቷ ዶክተር ንጎዚ ኦኮንጆ-ኢዌላ ናቸው። በሐርቫርድና በኤም.አይ.ቲ. ተምረው፣ በዓለም ባንክ 25 ዓመት ሠርተው፣ ሁለት ጊዜ የአገራቸው የገንዘብ ሚኒስትር ሆነው፣ እ.ኤ.አ. ከማርች 2021 ጀምሮ የዓለም ንግድ ድርጅትን በዋና ዳይሬክተርነት ይመራሉ። ድርጅቱን በዚህ ሥልጣን ሴት ስትመራው የመጀመሪያዋ ናቸው፤ አፍሪካዊም ሲመራው የመጀመሪያ ናቸው። አገራችን የዚህ ድርጅት አባል ለመሆን ማመልከቻዋን ያስገባችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው።

ሁለተኛዋ ካሜሩናዊቷ ዶክተር ቬራ ሶንግዌ ናቸው። እርሳቸው ደግሞ ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ የሚገኘውን የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2022 በዋና ጸሐፊነት መርተዋል። ኮሚሽኑ የተቋቋመው በ1958 ነው፤ ሴት በቦታው ላይ ስትቀመጥ ለማየት ስድሳ ዓመት ገደማ ፈጅቷል።

ሁለቱም ብዙ ሊጻፍላቸው ይገባል። እኔ ግን ሦስተኛዋን፣ የአገራችንን ልጅ ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅንን መረጥኩ። እርሳቸውም በዓለም ባንክና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በከፍተኛ ኃላፊነት ሠርተዋል። የመረጥኳቸው ግን በሥልጣናቸው ከፍታ አይደለም። ለዶክትሬት ዲግሪያቸው ያጠኑት የኢትዮጵያን የእህል ደላላ ስለሆነ ነው። እኔ ደግሞ የእህል ነጋዴ ልጅ ነኝ። በሌሎች ጉዳዮች ስማቸው ሲነሳ ሰው የሚለያይበት ሐሳብ እንዳለ አውቃለሁ፤ ይህ ጽሑፍ የሙያ ሥራቸውን ብቻ ይመለከታል።

የኛ ቤት ንግድ

የዘር ሐረጋችን ከየጁቤ ነው። የጁቤ ዛሬ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብላ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግን እዚያው አካባቢ የነበረው የባሶ ገበያ በጎጃም ከታወቁት ትልልቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። ከአባይ ማዶ ከጊቤ አገሮች ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ጭነው የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች እዚያ ይገናኙ ነበር። ከሰሜን የሚመጣው አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር። ከነጋዴዎቹ ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ። ታሪኩ ሁሉ የሚያኮራ አይደለም፤ በዚያ ገበያ ሰውም ይሸጥ ነበር። ይሁን እንጂ የጎጃም ሙስሊም ስሙ ከንግድና ከሽመና ጋር አብሮ የሚነሳው ከዚያ ዘመን ጀምሮ ነው።

አያቴ የደርግን ዘመን ሲያጫውቱን ስለ ኬላ ሳያነሱ አያልፉም። ገበሬው ኮታውን መንግሥት በቆረጠው ዋጋ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እንዲያስረክብ ይገደድ ነበር። ጎጃም ደግሞ ኮታው ከከበደባቸው ክፍለ አገሮች አንዱ ነበር። የግል ነጋዴ ትርፍ ካለበት ገዝቶ እጥረት ወዳለበት ልውሰድ ቢል ኬላ ላይ ይያዛል። በ1982 ዓ.ም. ኮታው ሲነሳና ኬላው ሲከፈት ንግዱ እንደገና ነፍስ ዘራ። አባዬም ሥራውን የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

አባዬ በዋናነት የሚነግደው ጤፍ ነው። በገበያ ቀን ገበሬው በአህያ ጭኖ ይመጣል። አባዬ ከጆንያው ጭብጥ አድርጎ አውጥቶ በመዳፉ ላይ ይዘረጋዋል፣ እፍ ይለዋል፣ ከጥርሱ ስር ያደርገዋል። ነጭ ነው፣ ሰርገኛ ነው፣ አፈር አለበት፣ እርጥበት አለበት፤ ይህን ሁሉ የሚለየው በዓይኑና በእጁ ነው። ስድሳ ሰባ ኩንታል ሲሞላለት ከሌላ ነጋዴ ጋር አንድ አይሱዙ ይከራያል። መኪናው በደጀን አድርጎ፣ የአባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ፣ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ እህል በረንዳ ይደርሳል።

አባዬ ግን አብሮ አይሄድም። እዚያ የሚቀበለው ደላላው ነው። ጆንያው ይከፈታል፣ ገዢው ያያል፣ ይከራከራል፣ ጆንያው ተመልሶ ይሰፋል። ደላላው ሸጦ፣ የራሱን ቀንሶ፣ የቀረውን ይልካል። አባዬ የጤፉን ዋጋ የሚያውቀው ደላላው በስልክ ሲነግረው ነው።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ጊዜ ደላላው የነገረው ዋጋ አነሰበት። ከሳምንት በኋላ ሾፌሩ ሲመለስ በዚያው ቀን ተመሳሳይ ጤፍ በኩንታል መቶ ሃምሳ ብር ብልጫ እንደተሸጠ ነገረው። አባዬ ምንም አላለም። ማታ እራት ላይ እማዬ «ታዲያ ለምን ሰውዬውን አትቀይረውም?» አለችው። እማዬ ትምህርት ቤት አልገባችም፤ የቤታችንን የዱቤ ሂሳብ በቃሏ የምትይዘው ግን እርሷ ናት። አባዬ እንጀራውን እየቆረሰ «ይሄን ሰው አሥራ ሁለት ዓመት አውቀዋለሁ። ሌላውን የማውቀው በስልክ ድምፁን ነው» አላት። ያንን መልስ ለብዙ ጊዜ ይዤው ዞርኩ።

ከኮርኔል እስከ እህል በረንዳ

ዶክተር እሌኒ የተወለዱት አዲስ አበባ ነው። ልጅነታቸውን በአሜሪካና በተለያዩ የአፍሪካ አገሮች አሳልፈው ሁለተኛ ደረጃን ኬንያ ውስጥ ጨረሱ። ከዚያም አሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ገብተው ኢኮኖሚክስ ተማሩ። ተማሪ እያሉ የ1977ቱ ረሃብ መጣ። እርሳቸው እንደሚተርኩት አንድ ቀን በዩኒቨርሲቲው ምግብ ቤት ተማሪዎች ለጨዋታ ምግብ መወራወር ሲጀምሩ ጠረጴዛ ላይ ወጥተው በአገሬ ሰው በረሃብ እየሞተ ነው ብለው ጮኹባቸው።

ጩኸት ግን ብዙ አይቆይም። የቆየው ጥያቄያቸው ነው። በአንድ አገር ውስጥ ወሎና ትግራይ ሲራብ በሌላው ክፍል የሚተርፍ እህል ካለ፣ ትርፉ ወደ ረሃቡ የማይሄደው ለምንድን ነው? መልሱን በዝናብ ብቻ ማግኘት አይቻልም። እህል ከቦታ ቦታ የሚሄድበትን መንገድ ማጥናት ያስፈልጋል። ሁለተኛ ዲግሪያቸውን በሚሺጋን ስቴት ሠርተው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ሲገቡ የመረጡት ርዕስ ይኸው ነበር። ወደ አገራቸው መጥተው ነጋዴዎችንና ደላላዎችን እየዞሩ ጠየቁ። በ1998 እ.ኤ.አ. ጨረሱ፤ በማግስቱ ዓመት የአሜሪካ የግብርና ኢኮኖሚስቶች ማኅበር የዓመቱ ምርጥ የዶክትሬት ጥናት ብሎ ሸለማቸው።

ጥናታቸው በ2001 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ የምግብ ፖሊሲ ጥናት ተቋም በዘገባ መልክ አወጣው። እኔ ያገኘሁት ሦስተኛ ዓመት ሳለሁ ነው። ሳነበው የአባዬን ጆንያ፣ የአባዬን ስልክ፣ የአባዬን ደላላ አገኘሁ።

ሐሳቡን ባጭሩ ልንገራችሁ። እህልን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ለመውሰድ የሚወጣው ወጪ የመኪና ኪራይ ብቻ አይደለም። ገዢ መፈለግ ወጪ አለው። ገዢው ታማኝ መሆኑን ማጣራት ወጪ አለው። እህሉ በደረጃ የተመደበ ስላልሆነ ዓይን ሊያየው፣ ጆንያውም በየቦታው ሊፈታና ሊሰፋ ግድ ይላል፤ ይህም ወጪ ነው። ሰው ቃሉን ባያከብር ወደ ፍርድ ቤት ሄዶ ገንዘብን ማስመለስ አድካሚ ነው። ስለዚህ ነጋዴው ከሚያውቀው ሰው ጋር ብቻ ይነግዳል። ደላላው ደግሞ በሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች መካከል ቆሞ ፍለጋውንና ማጣራቱን ያቀልላቸዋል። ብዙዎቻችን ደላላ ሲባል የምናስበው ያለ ሥራ የሚበላ ሰው ነው፤ ጥናቱ ግን የሚሠራው ሥራ እንዳለ፣ ባይኖር ንግዱ የበለጠ ውድ እንደሚሆን ያሳያል። በሌላ በኩል ይህ አሠራር ገደብ አለው። ሰው ሊያምን የሚችለው ጥቂት ሰዎችን ነው። ገበያው በመተዋወቅ ላይ ብቻ ከቆመ ከመተዋወቅ አልፎ አይሰፋም።

አባዬ ደላላውን ያልቀየረው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። መቶ ሃምሳው ብር አልጠፋውም። አዲስ ሰው እስኪፈትን ድረስ ሊከስር የሚችለውን አስቦ ነው።

በረመዳን ቤት ስሄድ ከተራዊሕ በኋላ ዘገባውን በአማርኛ እየመለስኩ አነበብኩለት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ስጨርስ ሳቀና «ይሄን ለማወቅ አሜሪካ ድረስ መሄድ አስፈለጋቸው?» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ግን እውነት ነው፤ ከዚያ በፊት የጠየቀን ሰው አልነበረም» አለ።

የ1994ቱ በቆሎ

አባዬ በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. በቆሎም ይገዛ ነበር። የምዕራብ ጎጃም ገበሬ፣ በተለይ በቡሬ አካባቢ ያለው፣ በማዳበሪያና በምርጥ ዘር ታግዞ በቆሎውን አትረፍርፎ ያመረተባቸው ዓመታት ነበሩ። ምርቱ በአንድ ጊዜ ገበያ ወጣ። የሚያከማች መጋዘን፣ የሚያበድር ባንክ፣ እህሉ እጥረት ወዳለበት አካባቢ የሚወስድ ገዢ ግን በበቂ አልነበረም። ዋጋው ወደቀ። የኩንታሉ ዋጋ የለቀማውንና የመሸልቀቂያውን ጉልበት የማይከፍልበት ጊዜ መጣ፤ ማሳ ላይ የተተወም ነበር። የማዳበሪያው ዕዳ ግን አልወደቀም። ዕዳውን ለመክፈል በሬውን የሸጠ ገበሬ ነበር። በሚቀጥለው ክረምት ብዙዎች ማዳበሪያ ቀነሱ። በዚያው ዓመት ዝናቡም አጠረ። በ1995 ዓ.ም. በአገሪቱ ወደ 14 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ የምግብ እርዳታ ፈላጊ ሆነ።

አስቡት፤ በአንድ ዓመት በቆሎ ይበሰብሳል፣ በሚቀጥለው ዓመት ሰው ይራባል። ዶክተር እሌኒ በየመድረኩ የሚያነሱት ይህንኑ ነው። ጥያቄያቸው በተማሪነታቸው ዘመን የተነሳው ነበር፤ አሁን ግን መልስ ለመስጠት የሚያስችል ዕውቀት ይዘዋል። እ.ኤ.አ. በ2004 የዋሽንግተን ኑሯቸውን ትተው በኢፍፕሪ ሥር የነበረውን የኢትዮጵያ ፕሮግራም ለመምራት ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ብዙ ሰው ዋሽንግተን ለመግባት በሚጋፋበት ዘመን እርሳቸው በተቃራኒው ነው የተጓዙት። ከብዙ ጥናትና ክርክር በኋላ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በአዋጅ ተቋቋመ፤ ሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ላይም በበቆሎና በስንዴ ግብይት ጀመረ። የመጀመሪያዋ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ራሳቸው ሆኑ።

የገበያው አሠራር የተነደፈው የአባዬን ችግሮች አንድ በአንድ አስቀምጦ ነው ማለት ይቻላል። ገዢ ጆንያውን እንዲያይ እንዳያስፈልግ እህሉ መጋዘን ሲገባ ይመዘናል፣ ይፈተሻል፣ ደረጃ ይሰጠዋል። ባለቤቱ የመጋዘን ደረሰኝ ይቀበላል፤ የሚሸጠውም ደረሰኙን ነው። ገንዘቡ እንዳይጠፋበት ገዢው አስቀድሞ በባንክ ያስይዛል፣ ሻጩም በማግስቱ በሂሳቡ ያገኛል። ዋጋውን ደላላው ብቻ እንዳያውቀው ደግሞ በገጠር ከተሞች በተተከሉ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳዎችና በስልክ በየዕለቱ ይነገራል። አሥራ ሁለት ዓመት መተዋወቅ የሚሠራውን ሥራ ለማይተዋወቁ ሰዎች የሚሠራ ተቋም መገንባት ነበር ዓላማው።

ይህን ሳነብ በመስጂዳችን የተማርነው ትዝ አለኝ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እህል ጭነው የሚመጡ ሰዎችን ገበያ ሳይደርሱ መንገድ ላይ ወጥቶ መግዛትን ከልክለዋል። እንዲህ የተገዛበት ሻጭ ገበያ ደርሶ ዋጋውን ሲያውቅ ሽያጩን የማጽናት ወይም የማፍረስ ምርጫ እንዳለው ተምረናል። የከተማ ሰው ለገጠር ሰው እንዳይሸጥለት የሚለውንም ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ደላላ እንዳይሆነው ማለት ነው ብለው እንዳብራሩት ተዘግቧል። የፍርዱን ዝርዝር ለዑለሞቻችን እተዋለሁ። እኔን የገረመኝ የሐሳቡ ሥር ነው። ሻጩ ዋጋውን ሳያውቅ መሸጡ ራሱ እንደ በደል ተቆጥሯል። ሱረቱል ሙጠፊፊን ስለ ሚዛን ያስጠነቅቀናል፤ ሚዛኑ ትክክል ሆኖ ዋጋው ከተደበቀም ገበሬው ተጎድቷል። አባዬ ከገበሬ ሲገዛ አስቀድሞ የአዲስ አበባን ዋጋ ይነግረዋል። አንድ ወዳጁ «ለምን ትነግራቸዋለህ?» ሲለው «ደላላው እኔ ላይ የሚያደርገውን እኔ በነሱ ላይ ላድርግ?» ብሎ መለሰለት።

በቆሎው ያልደረሰበት ገበያ

እዚህ ላይ ባቆም ደስ የሚል ታሪክ ይሆን ነበር። የኢኮኖሚክስ ተማሪ ግን ውጤቱንም መጠየቅ አለባት። ዛሬ ደብረ ማርቆስ ጤፍ በምርት ገበያ አይሸጥም። የቡሬ በቆሎም በብዛት የሚሄደው በድሮው መንገድ ነው። አባዬ አሁንም ስልኩን ይዞ ይጠብቃል።

ምን ሆነ? በቆሎና ስንዴ ወደ ምርት ገበያው በብዛት አልመጡም። እህል በክብደቱ ልክ ብዙ ገንዘብ አያወጣም፤ የመጋዘኑ፣ የፍተሻውና የማጓጓዣው ክፍያ ትርፉን ይበላዋል። ሁለትና ሦስት ኩንታል ያለው ገበሬ መጋዘን ድረስ ይዞ አይሄድም። የሚያውቀው ደላላ ያለው ነጋዴም የሚያውቀውን ትቶ ለመምጣት አይቸኩልም፤ ይህን ደግሞ የዶክተር እሌኒ የራሳቸው ጥናት አስቀድሞ ነግሮን ነበር። ከዚያ በ2001 ዓ.ም. መባቻ ቡና በምርት ገበያው በኩል እንዲሸጥ በሕግ ተደነገገ። ሰሊጥና ቦሎቄም ገቡ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግብይቱ በዓመት ከአንድ ቢሊዮን ዶላር አለፈ። ለበቆሎ ገበሬ የታሰበው ቤት የቡናና የሰሊጥ ቤት ሆነ።

ቡናውም ላይ ቅሬታ ነበር። የአንዱ አካባቢ ቡና ከሌላው ጋር በደረጃ ተደባልቆ ስለሚሸጥ የውጭ ገዢዎች ቡናው ከየትኛው ማኅበር እንደመጣ ለይተን ማወቅ አልቻልንም ብለው ተከራከሩ፤ አሠራሩም ከዓመታት በኋላ ተሻሻለ። በሌላ ወገን ደግሞ ሻጩ ገንዘቡን በማግስቱ ማግኘቱን፣ ዋጋውም በአደባባይ መታወቁን ያመሰገነ ብዙ ነው። ሁለቱም እውነት ነው።

ዶክተር እሌኒ በ2012 እ.ኤ.አ. ከምርት ገበያው ኃላፊነት ለቀቁ። በዚያው ዓመት ለአፍሪካ ግብርና ላበረከቱት ሥራ የያራን ሽልማት ተቀበሉ። ከዚያ በሌሎች የአፍሪካ አገሮች ተመሳሳይ ገበያዎችን ለማቋቋም የሚያግዝ ኩባንያ መሠረቱ። ብሉሙን በተባለው ማዕከል ሥራ የሚፈጥሩ ወጣቶችን ደገፉ። ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮም በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የአፍሪካ ዋና የኢኖቬሽን ኃላፊ ሆነው ሠርተዋል። በወረቀት ላይ ሲታይ ከላይ ወደ ላይ የሄደ የሥራ ዘመን ነው። እኔን የሚስበኝ ግን መሠረቱ ላይ ያለው ድንጋይ ነው፤ እርሱም እህል በረንዳ ላይ ተቀምጠው ደላላውን የጠየቁት ጥያቄ ነው።

ለኛስ?

በዚህ ዓመት እመረቃለሁ ኢንሻአላህ። የክፍሌ ልጆች የሚያወሩት ስለ ሁለት ነገር ነው፤ አዲስ አበባ ባንክ ስለመቀጠር ወይም ውጭ አገር ስኮላርሺፕ ስለማግኘት። ሁለቱም ሐላል ምኞት ነው፤ እኔም አመልክቻለሁ። አጎቴ በበኩሉ «ሴት ልጅ ይሄን ሁሉ ተምራ መጨረሻዋ የት ነው?» ይላል። አባዬ አይመልስለትም፤ እኔም በክርክር ልመልስለት አልፈልግም። መልሴን በሥራ መስጠት እፈልጋለሁ።

ለመመረቂያ ጽሑፌ የመረጥኩት ርዕስ የደብረ ማርቆስ ጤፍ ነጋዴዎች ደላላቸውን እንዴት እንደሚመርጡ የሚል ነው። መጀመሪያ አማካሪዬ «ርዕሱ አልጠበበም ወይ?» ብለውኝ ነበር፤ ዘገባውን ሳሳያቸው ተስማሙ። መጠይቁን ይዤ በየሱቁ ስዞር አንዳንዱ ከግብር መሥሪያ ቤት የመጣሁ መስሎት ፊቱን አዞረ። «የእገሌ ልጅ ናት» ሲባል ግን ወንበር አወጡልኝ። ሒጃብ ለብሳ መጠይቅ ይዛ የምትዞር ልጅ አይተው የማያውቁ ሽማግሌ ነጋዴ «እስኪ ጠይቂኝ፤ ስለዚህ ነገር ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም» ብለው አንድ ሙሉ ከሰዓት አጫወቱኝ። በአስር ሶላት ሰዓት ተነስተው ሰግደው ተመልሰው ቀጠሉ። እኔ የመጣሁት ለመጠየቅ ነው፤ በሩን የከፈተልኝ ግን ያው መተዋወቅ ነው። የማጠናው ነገር በራሴ ላይ ሲሠራ አየሁት።

ከዶክተር እሌኒ የሥራ ዘመን የወሰድኩት ይህንን ነው። ትልቅ ጥያቄ ሩቅ አገር ብቻ አይገኝም። ስታንፎርድ መሣሪያውን ሰጣቸው፤ ጥያቄውና መልሱ ግን የነበሩት የኛ ነጋዴዎች ዘንድ ነው። የጀመሩት ሥራ ደግሞ አላለቀም። ለአነስተኛ የጤፍና የበቆሎ ገበሬ የሚሆን፣ ክፍያው የማይከብድ፣ ደላላውን ከማባረር ይልቅ ሥራውን በግልጽ እንዲሠራ የሚያደርግ ገበያ እስካሁን የለንም። ይህን የሚሠራው ሰው ሁለት ነገር ማወቅ አለበት፤ የዩኒቨርሲቲውን ትምህርትና የጆንያውን ነገር። አንዱን ብቻ የሚያውቁ ብዙ ሰዎች አሉ። ሁለቱንም ለማወቅ ከኛ ከነጋዴ፣ ከሸማኔና ከገበሬ ልጆች የተሻለ ዕድል ያለው ማነው?

እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፤ የምትማሩት ኢንጂነሪንግም ይሁን ጤና ወይም ሕግ፣ ለዕረፍት ቤት ስትገቡ ወላጆቻችሁን ስለ ሥራቸው በቁምነገር ጠይቋቸው። ሸማኔ አባት ያለው ክሩን ከማን እንደሚገዛና ለምን ከእርሱ ብቻ እንደሚገዛ ይጠይቅ። እናቷ በርበሬ የምትሸጥ ዋጋውን በምን እንደምትቆርጥ ትጠይቅ። ደብተር ይዛችሁ ጻፉት። ለወላጆቻችን ማንም ጠይቋቸው የማያውቀውን ከልጃቸው አፍ መስማት ደስታ ነው፤ ለኛ ደግሞ ዕውቀት ነው።

አላህ ዕውቀታችንን የሚጠቅም፣ ሪዝቃችንን ሐላል ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ

እህታችሁ፣ ከኢኮኖሚክስ ትምህርት ክፍል፣ ተመራቂ ተማሪ